አራስ ቤት ሲመሽ

በነሐሴ የኢሉባቦር ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል። በኖፓ ገጠር፣ ቆርቆሮ በለበሰ የጭቃ ቤት ውስጥ ገና ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ካለ፣ መኝታ ሲደርስ አንድ ክርክር አይጠፋም። አኮ፣ ማለትም አያቲቱ፣ ልጁ በግድግዳ በኩል ይተኛ ይላሉ፤ እንዳይወድቅ። እናቲቱ ግድግዳው እርጥበት ስቧል፣ በእሳቱ በኩል ይሁን ትላለች፤ እንዳይበርደው። አባት በዚህ ጉዳይ ብዙም ድምፅ የለውም፤ አጎዛውን ይዞ ወደ ሌላው ጥግ ከሄደ ሰንብቷል። አልጋው አንድ ነው። በላዩ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት ጋቢ፣ ከመቱ የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፤ ከትራሱ ሥር ደግሞ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርብ የተሸጎጠች ቢላዋ አለች። ስለ መንፈሱ አልከራከርም፤ ስለ ስለቷ ግን እከራከራለሁ።

ፈረንጆቹ የሕፃናት ሐኪሞችም ለዓመታት የሚነታረኩት በዚሁ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባደሰው ምክሩ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ፣ በጀርባው ይተኛ ይላል። ምክሩ በጥናት ላይ የቆመ ነው። ኖፓ ሲደርስ ግን ግማሹ ማንም ሳይመክር የሚደረግ፣ ግማሹ ደግሞ ቢመከርም የማይደረግ ይሆናል። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ «በአንድ ክፍል» የሚለው ቀድሞ ተፈጽሟል። «በራሱ መኝታ» የሚለው ግን ሁለተኛ አልጋ ማስገቢያ ለሌለው ቤት የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሕፃኑ «ከእናቱ ጋር ይተኛ ወይስ ለብቻው» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ከእናቱ ጋር ይተኛል። ሊጠየቅ የሚገባው በምን ላይ እንደሚተኛ፣ በእነማን መካከል እንደሚተኛ፣ ከየትኛው እሳት አጠገብ እንደሚተኛ ነው።

ለብቻ ክፍል ያለው ሰው እንኳ በዚህ አገር ዝናቡን ማሰብ ይኖርበታል። ጎሬ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል። መቱም ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ከዚያው ደመና ትቀምሳለች። ዶፍ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለመደማመጥ ይጮሃሉ። የሳምንት ጨቅላ ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ጨርሶ ላይጮህም ይችላል። የሳር ክዳኑ ቤት ዝናብን ያሰማ ነበር እንጂ አያደነቁርም ነበር። ቆርቆሮው ከመጣ ወዲህ እናት ልጇን በክረምት ሌሊት የምትጠብቀው በጆሮዋ ሳይሆን በእጇ ነው፤ እጇ የማይደርስበት ቦታ ላይ ካስተኛችው አልጠበቀችውም ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ብርድ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር የገላው ስፋት ከአዋቂ ሰው በብዙ ይበልጣል፤ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው። እኛ ሲበርደን እየተንቀጠቀጥን ሙቀት እናመነጫለን፤ እሱ መንቀጥቀጥ አይችልም። ያለው በትከሻዎቹ መሐልና በአንገቱ ዙሪያ የተቀመጠች ልዩ ስብ ናት፤ እሷን እያቃጠለ ይሞቃል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ይህችም በቅጡ ሳታድግለት ይመጣል። የሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲወርድ መጥባት ይደክመዋል፣ ሳይጠባ ሲቀር ጉልበት ያጣል፣ ጉልበት ሲያጣ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የጤና ባለሙያዎች ልጁን በተወለደበት ቀን ገላውን አትጠቡት የሚሉት ለዚሁ ነው። በእሳቱ በኩል ይሁን ያለችው እናት የምትፈራው ፍርሃት፣ እንግዲህ፣ እውነተኛ ፍርሃት ነው። መፍትሔው ግን ከእሳቱ አይገኝም፤ ከራሷ ገላ ይገኛል።

የእናት ደረት ሕፃኑ ሲቀዘቅዝ ይሞቃል፣ ልጁ ሲሞቅ ደግሞ መለስ ይላል። ይህን ሐኪሞች በቁም ነገር የያዙት ዘግይተው ነው፤ የያዙትም በችግር ተገደው ነው። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ በአንድ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ማሞቂያ ሳጥኖቹ አንሰው ሕፃናት በአንዱ ሳጥን ተደራርበው ይተኙ ነበር፤ ኢንፌክሽን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል፣ እናቶችም ጥለው ይሄዳሉ። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ትንንሾቹን ልጆች በእናቶቻቸው ጡቶች መካከል፣ ገላ ለገላ፣ ቀጥ አድርገው አስረው ወደ ቤት መላክ ጀመሩ። ዓለም «የካንጋሮ እናት እንክብካቤ» ብሎ የሚጠራው ይህን ነው።

እኛ አገር ቀድሞ የገባው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ከ2000 ግራም በታች የሚመዝኑ 123 ሕፃናትን ይዞ፣ ገና ሳይረጋጉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእናታቸው ገላ ጋር የታሰሩትንና በተለመደው መንገድ የታከሙትን አነጻጽሯል። በተለመደው ሕክምና ከመቶ 38 ገደማ ሲሞቱ፣ በእናት ደረት ላይ ከነበሩት የሞቱት ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ። በጊዜው ብዙ ሐኪም «መጀመሪያ በማሞቂያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጥ» ይል ነበር። ዓለም ከአዲስ አበባው ጥናት ጋር የተስማማው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ሲወጣ፣ ወዲያው ለእናት የተሰጡት ሕፃናት ሞት በ28 ቀን ውስጥ 12 በመቶ፣ እስኪረጋጉ የተለዩት ደግሞ 15.7 በመቶ ሆነ። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ለወጠ፤ ትንሽ የተወለደ ልጅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በእናቱ ደረት ላይ ይሁን አለ።

መቱ የራሷ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል አላት። መቱ ካርል ይባላል፤ ስሙ ፊልም ትቶ ኢትዮጵያን የሥራ ቦታው ያደረገውን ኦስትሪያዊ ተዋናይ ካርልሄይንዝ በምን ያስታውሳል። ያለ ጊዜው የተወለደ የኖፓ ልጅ ከተረፈ ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል አልፎ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሲወጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ ነርሷ በእናቱ ደረት ላይ ታስረው፣ ሙቀቱን ትለካለት የነበረው ልጅ በሚኒባስና በባጃጅ፣ ከዚያም በጭቃ መንገድ ቤቱ ይገባል፤ ማታ አልጋው ላይ ማን ያስረዋል? እናቲቱ ምጥ ያደከማት፣ ገና ደሟ ያልቆመ ሴት ናት። እዚህ ላይ አባት ወደ ጥጉ ባይሄድ ጥሩ ነው። የአባት ደረትም ይሞቃል፤ የአኮም እንዲሁ። ልጁ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ በነጠላ ጥብቅ ብሎ ታስሮ፣ የያዘው ሰው ጠፍጣፋ ሳይተኛ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ከተደገፈ፣ ሌሊቱን ተራ በተራ መካፈል ይቻላል። በኢትዮጵያ በ2019 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም፤ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና ኢንፌክሽን ዋናዎቹ ገዳዮች ናቸው። ከአልጋ የወደቀ ልጅ በዚህ ዝርዝር ላይ አይታይም። አኮ የሚፈሩት ውድቀት ግድግዳውን ከማመቻቸት ያለፈ ጭንቀት አይገባውም።

ግድግዳው ግን የራሱ አደጋ አለው። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ካለ ልጁ ተንሸራቶ እዚያ ይቀረቀራል፤ ስፖንጁ ሲሰረጉድ ደግሞ ክፍተቱ ማታ ማታ ይሰፋል። ወይ አልጋው ከግድግዳው ጋር ድፍን ብሎ ይገጠም፣ ወይም ከግድግዳው በደንብ ይራቅ። ፍራሽ መሬት ላይ ማንጠፍም አያሳፍርም።

አሁን ወደ ጀርባ ነገር እንምጣ፤ አኮን ለማሳመን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ይታነቃል» ይላሉ። ስለዚህ በጎኑ፣ አንዳንዴም በደረቱ ያስተኙታል። የሚገርመው፣ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞችም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚሁ ፍርሃት ልጆችን በደረት አስተኙ ሲሉ መኖራቸው ነው። ዶክተር ስፖክ በመላው ዓለም በተሸጠው መጽሐፋቸው እንዲሁ መክረዋል። ጤነኛ ሆነው የተኙ ሕፃናት ጠዋት ሞተው መገኘታቸው እየበዛ ሄደ። ከ1987 ጀምሮ በኔዘርላንድ፣ ቀጥሎ በኒውዚላንድና በ1991 ማብቂያ በእንግሊዝ «በጀርባቸው አስተኟቸው» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። በእንግሊዙ ዘመቻ ፊት የቆመችው በዚያው ዓመት ልጇን በዚህ ሞት ያጣች የቴሌቪዥን አቅራቢ፣ አን ዳይመንድ ነበረች። አሜሪካ በ1994 ተከተለች። ሞቱ በእነዚህ አገሮች ሁሉ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ ልጆቹ ብቻ ተገለበጡ።

ለአኮ ግን ይህን ታሪክ ከመናገር የጉሮሮን አሠራር ማሳየት ይሻላል። የአየር ቧንቧ ከፊት ነው፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየሩ ቧንቧ ከላይ ይሆናል፤ ያስመለሰው ወደ ታች፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። በደረቱ ሲተኛ ተገልብጦ የአየሩ ከታች ይሆናል። በጎኑ ያስተኙት ልጅ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በደረቱ ሊገለበጥ ይችላል። በደረቱ ስፖንጅ ላይ ፊቱን ከቀበረ የሚተነፍሰው ራሱ ያወጣውን አየር መልሶ ነው። አዋቂ ቢሆን ይባንናል፤ በሁለትና በአራት ወር መካከል ያለ ልጅ አንጎሉ ለዚህ መባነን ሁልጊዜ አይደርስለትም። ድንገተኛው ሞት የሚበረታውም በእነዚያ ወራት ነው።

ፊት መሸፈንም እንዲሁ። ከቡዳና ከብርድ ይጠበቅ ተብሎ የጨቅላ ፊት በነጠላ ይሸፈናል። ቀን፣ እናት ጉልበት ላይ፣ ስስ ነጠላ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሌሊት፣ ከጋቢና ከብርድ ልብስ ሥር ሌላ ነገር ነው። ጭንቅላቱ ላይ ቆብ ማድረግ ይበቃዋል፤ ጋቢው ከደረቱ አይለፍ። የትልቅ ሰው ትራስ ከእሱ ይራቅ። ቢላዋዋም መንፈስ የምትከለክል ከሆነ ከአልጋው እግር ሥር ሆናም ትከለክላለች።

በአንድ አልጋ ስለ መተኛት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ አልተስማሙም። በአሜሪካ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ማኬና የሚያጠቡ እናቶችን ሌሊቱን በካሜራ እየቀረፀ ሲያጠና ያየው ይህን ነው፤ እናቲቱ ማንም ሳያስተምራት በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ክንዷን ከልጁ ጭንቅላት በላይ አድርጋ ከበባ ትሠራለታለች። ልጁ ከትራሱ ዝቅ ብሎ፣ በጡቷ ትይዩ ይተኛል፤ ቶሎ ቶሎ ይነቃል፣ ቶሎ ቶሎም ይጠባል። የኖፓ እናት ይህን ሳታነብ ታደርገዋለች። የጡት ማጥባት ሐኪሞች አካዳሚም በ2020 የሚያጠባ ጤነኛ ቤተሰብ አብሮ መተኛቱን አልከለክልም ብሏል። አደጋው ከሌሎቹ ነው የሚመጣው፤ ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው፣ የሚያጨስ ሰው፣ ገና ጡት የጣለ የሁለት ዓመት ታላቅ ወንድም። ታላቅየው ቦታውን አዲስ እንግዳ ስለወሰደበት ሌሊት ተነስቶ ወደ እናቱ ይመጣል። ልክ ነው፣ ያሳዝናል፤ ግን ከእናቲቱ ወዲያ ማዶ እንጂ ከጨቅላው ጎን አይተኛ። ለአራስ «ወተት ያመጣል» እየተባለ የሚሰጠው ጠላም ማታ ባይሰጥ ይመረጣል።

ለትንንሾቹ፣ ከ2.5 ኪሎ በታች ለተወለዱት፣ አብሮ መተኛት ይበልጥ ያሰጋል። በደረት ታስረው የያዛቸው ሰው ነቅቶ ቀና ብሎ ካለ ይጠቀማሉ፤ ሳይታሰሩ ከአዋቂ ጎን ሲጋደሙ ግን ይጎዳሉ። ለእነሱ አብሮ በመተኛትና ለብቻ በመተኛት መካከል ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪዎች ለዚህ መላ አገኙ፤ ሐኪሙ ዴቪድ ቲፔኔ-ሊች ከሸማኔዎች ጋር ሆነው ከተልባ መሰል ተክል የተሠራ፣ ወለሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ የሆነ ዘንቢል በወላጆች አልጋ ላይ እንዲቀመጥ አደረጉ። ልጁ በዘንቢሉ ውስጥ በጀርባው፣ ከእናቱ ክንድ ሥር ይተኛል። ፊንላንድም ከ1938 ጀምሮ ለእናቶች ካርቶን ሣጥን ከሕፃን ልብስ ጋር ትሰጣለች፤ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ እንቅልፋቸውን በዚያ ካርቶን ተኝተዋል። ቅርጫት መሥራት ለኢሉባቦር ሰው አዲስ ሙያ አይደለም። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ወለሉ የማይሰረጉድ፣ አንድ እጥፍ ጋቢ ብቻ የተነጠፈበት ቅርጫት ከአዲስ አበባ ከሚመጣ የእንጨት የሕፃን አልጋ ይልቅ ለዚህ ቤት ይሆናል ባይ ነኝ። የእንጨቱ አልጋ አሜሪካ፣ ሜኒሶታ ባሉ የኦሮሞ ቤተሰቦች ቤት እንኳ ምን ሆኖ እንደሚቀር የሚያውቅ ያውቃል፤ ነርሷ ስትጠይቅ «አለን» ይባላል፣ ውስጡ ግን የታጠፈ ልብስ ነው።

ስለ እሳቱ ግን መደራደር የለም። በክረምት አራስ ቤት ከሰል ይገባል፤ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከዚያ ምድጃው ለሌሊቱ ሙቀት ይተዋል። «ከቀላ በኋላ ጭስ የለውም» ይባላል። እውነት ነው፣ የሚታይ ጭስ የለውም። ከቀላ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጨቅላ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ስለሚተነፍስ ከሁሉ ቀድሞ እሱን ያገኘዋል፤ የጨቅላ ደምም ይህን መርዝ ከአዋቂ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። የበርና የመስኮት ሽንቁር ሁሉ በጨርቅ የተወተፈበት የአራስ ክፍል ለዚህ መርዝ የተዘጋጀ ይመስላል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሙቀቱን ገላ ይስጥ።

ስለ አጎበር የምለው አጭር ነው። ወባ ቆላው አካባቢ አለ፤ አጎበሩ ልጁንና እናቱን አብሮ ይሸፍን፣ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይታጠፍ እንጂ በልጁ ላይ አይንጠልጠል።

ይህን ሁሉ የሚናገር ሰው መቼ ይገባል? በብዙ የኦሮሞ አካባቢ በአምስተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው ሸነን ያደርጋሉ፤ ቅቤ የተንቆረቆረበት ገንፎ ይበላል፣ ምክር ይፈስሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደብተሯን ይዛ በሌላ ቀን ከምትመጣ በዚያ ቀን ገንፎ ልትበላ ብትመጣ፣ አኮን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን አኮዎች ሁሉ ታገኛለች። መኝታን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እናት አይደለችም።

መቱ ከተማ ሲደረስ ደግሞ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ። እዚህ አልጋ ብቻ ሳይሆን ሶፋም አለ። እናቲቱ ባሏን እንዳትቀሰቅስ ብላ ከጎኑ ተነስታ ሶፋ ላይ ስታጠባ ድካም ይጥላታል። ልጁ በእሷና በመደገፊያው መሐል ይገባል። በውጭ አገር በተደረጉ ጥናቶች ከአልጋ ይልቅ እጅግ አደገኛው ይህ ሆኖ ተገኝቷል። እንቅልፍ የሚጥላት ከሆነ አልጋው ላይ ታጥባ።

ከዚያ ፈቃድ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። ሦስት ወር ማለት ነው፤ ድንገተኛው የሕፃናት ሞት በሚበረታባቸው ወራት እምብርት ላይ። ሰኞ ጠዋት እናቲቱ ቢሮ ትገባለች፣ ልጁም ከገጠር ለመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሰጣል። ልጅቷ በመንደሯ እንዳየችው በደረቱ አስተኝታ፣ ፊቱን ሸፍና፣ ወጥ ልትሠራ ወደ ውጭ ትወጣለች። አሜሪካ ውስጥ በድንገት ከሞቱ ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ያህል የሞቱት በሌላ ሰው እጅ ሳሉ ነው፤ በጀርባው መተኛት የለመደ ልጅ አንድ ቀን በደረቱ ሲተኛ አደጋው ከሁልጊዜው በብዙ እጥፍ ከፍ እንደሚልም ታይቷል። አዋላጇ ነርስ ስትመክር ይህች ልጅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ በሸነኑም ቀን ገና አልተቀጠረችም። እናቲቱም የወተቱን ጡጦ፣ የዳይፐሩን ቦታ፣ የስልክ ቁጥሯን አሳይታ ስትወጣ፣ ልጁ በምን በኩል እንደሚተኛ መናገር ብዙ ጊዜ ትዝ አይላትም።